የባሕር ዳር አየር ስንት ይመዝናል?

ጣና ዳር በቀዝቃዛ ንጋት አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ቢመዘን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ያንኑ የሚያህል አየር በሚያዝያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢመዘን 945 ግራም አካባቢ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት እንኳ፣ ወደ 1,150 ግራም ይጠጋል። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ አውሮፕላን ስንት ሰው፣ ስንት ሻንጣና ስንት ቶን ነዳጅ ይዞ መነሳት እንደሚችል ይወስናል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እነዚህ ቁጥሮች የሚወጡበትን ልኬት በማንበብ ነው፤ የአየር ሁኔታ ታዛቢ ነበርኩ። ነጩን የእንጨት ሳጥን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን አነባለሁ፤ ወደ ባሮሜትሩ እመለሳለሁ፤ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት እመዘግባለሁ፤ በየሰዓቱም ለመቆጣጠሪያ ማማው አስተላልፋለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ዝናብ ይመጣል ወይስ አይመጣም ከማለት ጋር ያያይዘዋል። ለአብራሪው ግን እኔ የምልከው ሙቀትና ግፊት የሚጭነው ክብደት ነው።

የምለው ነገር አንድ ነው። ባሕር ዳር በከፍታዋ ምክንያት ለአውሮፕላን የምትሰጠው ትርፍ አቅም ጥቂት ነው። ያቺን ጥቂት መጠበቅ ደግሞ የአየር መንገድና የአብራሪ ሥራ ተደርጎ ብቻ ይታሰባል። የከተማው ሥራም ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ባሕር ዛፍ የሚተክለው ገበሬ፣ ዓሣ የሚያጸዳው አስጋሪ፣ ሻንጣውን ይዞ የሚሰለፈው መንገደኛ ሁሉ ድርሻ አለው።

የጄት ሞተር ከፊቱ አየር ይስባል፣ ይጨምቀዋል፣ ነዳጅ ረጭቶ ያቃጥላል፣ የጋለውን አየር በተርባይኑ አሳልፎ ወደ ኋላ ይወረውራል። በዛሬዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ደግሞ አብዛኛው አየር እሳት ሳይነካው ከፊት ባለው ሰፊ ማራገቢያ ተገፍቶ በጎን ያልፋል። በሁለቱም መንገድ አውሮፕላኑን የሚገፋው በየሰከንዱ ወደ ኋላ የተወረወረው አየር ክብደትና ፍጥነት ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በስፋቱ እዚህም ጅቡቲም ያው ነው። በክብደቱ ግን የኛ ይቀላል። ስለዚህ ጉልበቱም ይቀንሳል።

"ታዲያ ነዳጅ ጨምሮ ማካካስ አይቻልም ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። አየሩ ሳይጨምር ነዳጅ ብቻ ቢጨመር እሳቱ ይግላል፤ በእሳቱ መንገድ ላይ የቆሙት የተርባይኑ ምላጮች ደግሞ የሚችሉት ሙቀት ወሰን አለው። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ይጎዳል። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ወሰኑን ስለሚያውቅ ነዳጁን ይገታል። ፋብሪካዎቹ ሞተሩን የሚሠሩት እስከ አንድ የሙቀት ደረጃ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ አድርገው ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ በሞቀ ቁጥር ጉልበቱ እየወረደ ይሄዳል። ከፍታና ሙቀት ሲገናኙ ችግሩ የሚበረታው ለዚህ ነው፤ አንዱ የአየሩን ክብደት ይቀንሳል፣ ሌላውም ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ምላጮቹን ወደ ወሰናቸው ያስጠጋል።

ክንፉም በዚያው አየር ላይ ነው የሚደገፈው። ባሕር ጠለል ላይ፣ በመደበኛ አየር፣ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከመሬት የሚላቀቅ አውሮፕላን እዚህ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 295 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። ጉልበቱ በቀነሰ ሞተር የበለጠ ፍጥነት መያዝ ማለት ረጅም መንደርደር ማለት ነው። በመጨረሻው ሰዓት በረራውን ትቶ መቆም ቢያስፈልግ ደግሞ ፍሬኑና ጎማው ከሩብ በላይ የጨመረ ኃይል መዋጥ ይኖርባቸዋል። የባሕር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,822 ሜትር ላይ ነው። በሞቃት ከሰዓት በኋላ ግን ለሞተሩና ለክንፉ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ያህል ነው። ማኮብኮቢያው ከቦታው ሳይነቃነቅ አውሮፕላኑ ደብረ ታቦር ከፍታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ላይ ሆኖ እንደሚነሳ ቁጠሩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። ሁለት ሞተር ያለው ጄት የሚጭነው ክብደት ሲሰላ ሁለቱም ሞተሮች እስከ መጨረሻው እንደሚሠሩ ታስቦ አይደለም። አብራሪዎች ቪ ዋን የሚሏት ፍጥነት አለች፤ ከእሷ በኋላ መቆም የለም፣ መነሳት ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት አንዱ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ በቀረው ብቻ፣ ጎማውን ካጠፈ በኋላ፣ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር መውጣት መቻል አለበት። ያን ካልቻለ ክብደቱ ይቀነሳል። ስለዚህ በሰላም ቀን ሁለቱም ሞተሮች እየሠሩ የሚነሳው አውሮፕላን ቀላል ሆኖ ቢታይም፣ ጭነቱን የወሰነው ያልደረሰው አደጋ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ወሰን ሰፊ ነው። እኛ ጋ ጠባብ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር ያረፈ ቦይንግ 737-200 ወደ አስመራ ለመቀጠል ከዚሁ ማኮብኮቢያ ተንደረደረ። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል የእርግብ መንጋ ገባበት፤ በሁለቱም ሞተሮች። ወፎቹ በጣና ዙሪያ በየእርሻው የምናያቸው፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ያላቸው እርግቦች ናቸው። አንዷ ግማሽ ኪሎ አትሞላም። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን አንስተው ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ፤ ሳይደርሱ ሁለቱም ሞተሮች ጉልበታቸውን አጡ። ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳት ተነሳ። 35 መንገደኞች ሞቱ። ሌሎቹ ተረፉ፤ ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ከተረፉት ውስጥ ናቸው።

እነዚያን ሰዎች የገደለው ከፍታው ነው አልልም። የአደጋው ምክንያት እርግቦቹ ናቸው፤ ሁለቱም ሞተሮች ከጠፉ ደግሞ የትኛውም ዓይነት አየር አውሮፕላንን አያቆየውም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2001 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ ላይ የዱር ዝይዎች የአንድ ኤርባስን ሁለት ሞተሮች ሲያጠፉ አብራሪው ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈውና 155ቱም ሰዎች ዳኑ፤ ዓለም ያን ታሪክ ያውቀዋል። የኛን ታሪክ ግን የባሕር ዳር ልጆች እንኳ በቅጡ አያውቁትም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከአደጋው የምወስደው ይህን ነው። በቀጭን አየር ውስጥ የተጎዳ ሞተር የሚቀረው ጉልበት ከመጀመሪያውም ትንሽ ከነበረው የተቀነሰ ነው። አውሮፕላኑ እየፈጠነ፣ ቀስ እያለ እየወጣ፣ ወፍ በሚበዛበት ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ረዘም ላለ ርቀት ይቆያል። ወፍንና ከፍታን ለየብቻ ማየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ጣና ደግሞ የወፍ አገር ነው። ፔሊካኑ፣ ይብራው፣ አሞራው፣ ዓሣ በሚጸዳበት ዳርቻ ሁሉ ቆሞ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ የዚህ ሐይቅ ባለቤቶች ናቸው፤ ይጥፉ የሚል ሰው አይደለሁም። ረግረጉና ደንገሉ ካለ እነሱም አሉ፤ ደንገሉ ከጠፋ ሐይቁም ይጎዳል። እኛ የምንጨምረው ምግብ ግን የተፈጥሮ አይደለም። የተጣለ የዓሣ አንጀት፣ የእርድ ትርፍ፣ ክፍት የቆሻሻ ክምር፣ በአጥር ጥግ የፈሰሰ እህል ወፉን ከሐይቁ ወደ በረራው መስመር ይጠራዋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ የቆሻሻ መጣያ ከአውሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባይኖር ይመረጣል ይላል። ለባሕር ዳር ይህ ርቀት ከተማዋን በሙሉ ይሸፍናል ማለት ይቻላል። እንግዲያው ቆሻሻ የት ይጣላል የሚለው ውሳኔ የጽዳት ክፍሉ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከማረፊያው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊወሰን ይገባል።

ስለ ባሕር ዛፍም ልናገር። ከማኮብኮቢያ ጫፍ ወደ ውጭ ባዶ መሆን ያለበት ተዳፋት አለ፤ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ እያለ የሚሄድ የማይታይ ጣሪያ ነው። ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያ ጣሪያ 20 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ባሕር ዛፍ በእኛ አፈርና ውሃ ጥቂት ዓመት ከቆመ ያን ያልፋል። ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻም እንዲሁ። የሕንጻው ባለቤት ወይም ዛፉን የተከለው ገበሬ ማንንም ለመጉዳት አስቦ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ነው። ነገር ግን አንድ ረድፍ ዛፍ ጣሪያውን ሲያልፍ የሚደረገው ስሌት ጨካኝ ነው። አንድ ሞተር የጠፋበት አውሮፕላን ዛፉን በበቂ ርቀት ማለፍ ስላለበት፣ ክብደቱ ከመነሻው ይቀነሳል። ቆላ ላይ ቢሆን ትርፍ ጉልበቱ ዛፉን ይሸፍነው ነበር። እዚህ ግን ዛፉ ከአውሮፕላኑ ላይ ሰው ያወርዳል። ስለዚህ በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ባሉ ማሳዎች ላይ ረጃጅም ዛፍ እንዳይተከል የሚፈለግ ከሆነ ለገበሬው ካሳና ምትክ ይታሰብለት። በደብዳቤ ብቻ ትእዛዝ ማውረድ ፍትሐዊ አይደለም፤ አይሠራምም።

ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋ ባሕር ዳር ላይ ብቻ አይደለም። ከዋሽንግተን የመጣ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ስመጣ አንዴም ሳያርፍ አዲስ አበባ ያደረሰኝ አውሮፕላን ስመለስ ደብሊን የሚያርፈው ለምንድን ነው? መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?" አለኝ። መንገዱ ያው ነው፤ የሚነሳበት አየር ነው የተለየው። የዋሽንግተን ደለስ ማረፊያ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን እዚያ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 920 ግራም ገደማ ነው። ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር ሙሉ ክብደቱ 228 ቶን ገደማ ሲሆን ከደለስ ያን ይዞ ይነሳል። ከቦሌ ግን አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ፣ መንገደኛና ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሳት ስለማይችል መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ከፊት የሚገጥመው ነፋስም ይጨምርበታል። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገብቶ የዓለምን ትኩረት ስቦ ነበር። ያ በረራም የተነሳው ከዚያው ከዝቅተኛው አየር ነው።

አየር መንገዱ ይህን ዋጋ ከጄት ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ያውቀዋል። በ1955 ዓ.ም. የመጡት ቦይንግ 720ዎች ከ707 የቀለሉ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ልደታ የነበረው ማኮብኮቢያ ለጄት ስላልበቃም ቦሌ ተሠራ። ዛሬ ደግሞ ለቢሾፍቱ የታሰበው አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ዝቅ ብሎ መመረጡ ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ነገር ነው። ስለ ሕንጻው ውበትና ስለሚያስተናግደው ሕዝብ ብዙ ይወራል። እኔ ግን እነዚያን 400 ሜትሮች አስባለሁ፤ በየበረራው ላይ ቶኖች ናቸው፣ ለዘለዓለምም ነጻ ናቸው።

ከመሬት ከተላቀቁ በኋላ ከፍታ ለጄት መልኩን ይቀይራል። 11,000 ሜትር ላይ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 365 ግራም ገደማ ነው፣ ሙቀቱም ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ይደርሳል። ሞተሩ እዚያ የሚሰጠው ጉልበት ሲነሳ ከሰጠው እጅግ ያነሰ ነው፤ አየሩ አውሮፕላኑን የሚጎትተውም እንዲሁ ቀንሷልና ያ ይበቃዋል። ቅዝቃዜው ደግሞ መጭመቂያውን ይረዳዋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ለዚህ ነው ጄት ከፍ ብሎ የሚበረው። የኛ ጣጣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው።

እነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ በየትኛው ሰዓት እንደሚውሉ የመምረጥ ዕድል አለን። በንጋትና በከሰዓት በኋላ መካከል የአየራችን ክብደት 5 በመቶ ያህል ይለያያል። ስሌቱ በእውነት እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም፤ የማኮብኮቢያ ርዝመት፣ ነፋስ፣ ተዳፋት፣ ጎማ፣ ሁሉም ይገባበታል። ለግምት ያህል ግን የ70 ቶን አውሮፕላን 5 በመቶ 3.5 ቶን ነው፤ አንድን ሰው ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብንለው 35 ሰው ማለት ነው። ወይም አበባና ከቆጋ የመስኖ እርሻ የመጣ አትክልት፣ ወይም ከጣና የወጣ ዓሣ። ስለ ባሕር ዳር የቀጥታ የጭነት በረራ በየስብሰባው ሲነሳ እሰማለሁ። ቀዝቃዛ መጋዘን፣ መንገድ፣ ጉምሩክ ይጠቀሳሉ፤ ልክ ነው፣ ያስፈልጋሉ። የበረራው ሰዓት ሲጠቀስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከባድ ጭነት ያለው ጄት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መነሳት አለበት። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ይህ የግድ ነው። አበባው ሌሊት ተቆርጦ ጎህ ሲቀድ እንዲጫን የሚያደርግ የሥራ ፕሮግራም ማውጣት ማኮብኮቢያ ከማስረዘም እጅግ ይረክሳል። ማኮብኮቢያውም 3,000 ሜትር ነው፤ ለአገር ውስጥ በረራ ይበቃል፣ ለሩቅ አገር የጭነት አውሮፕላን ግን በዚህ ከፍታ ጠባብ ነው። ማስረዘም ከታሰበ መሬቱ ቤት ሳይሠራበት አሁኑኑ ይከለል። ቤት ከተሠራ በኋላ የሚመጣውን ልቅሶና የካሳ ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን።

የሚቀረው ሰዉን ማስረዳት ነው። ሞቃት ቀን ላይ ጭነት ሲቀነስ ወይም ሻንጣ ለሚቀጥለው በረራ ሲተላለፍ መንገደኛው ይቆጣል፤ ያላወቀ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። መስኮቱ ጋ የቆመችው ወጣት ሠራተኛ ስድቡን ትቀበላለች፤ "የክብደት ችግር ነው" ትላለች፤ ማንም አያምናትም። ክብደት እንዴት ዛሬ ችግር ሆኖ ትናንት አልሆነም? ትናንት ጠዋት ነበር፤ 14 ዲግሪ ነበር፤ ዛሬ 29 ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያስረዳነው ሰው ሁለተኛ አይቆጣም፤ እኔ በቤተ ዘመድ ላይ ሞክሬ አይቻለሁ። የሚያስፈልገው የመነሻ አዳራሹ ውስጥ የወቅቱን ሙቀት፣ የአየር ግፊትና ከእነሱ የሚወጣውን የአየር ክብደት በአማርኛ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ነው፤ ሥሩ ላይም የዕለቱ የጭነት ወሰን ይጻፍ። የፊዚክስ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን አምጥተው ያሳዩበት። ልኬቱ አሁንም በየሰዓቱ ይወሰዳል፤ ለማማው ይነገራል፤ ለአብራሪው ይደርሳል። ከማማው እስከ አዳራሹ ያለው ርቀት የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው።